ትኩሳት የጠበቅንበት የካቲት

በቀደም አንድ ጤና ጣቢያ ለክትባት ተሰልፌ ነበር። ነርሷ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን በአልኮል ስታብስ ቆየችና እጄን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እትዬ፣ ይቺኛዋስ የምንድን ናት?» አለችኝ።

ትከሻዬ ሥር ያለችውን ክብ ጠባሳ ታውቃታለች፤ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙው አለው። የጠየቀችኝ ከእጄ አንጓ ከፍ ብላ ስላለችው፣ የባቄላ ፍሬ ስለምታክለው ጎድጓዳ ጠባሳ ነው። «ሁለቱም የፈንጣጣ ናቸው» አልኳት። ለአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ መከተቤ ገርሟት ሳቀች። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ረጅም ስለነበር አላስረዳኋትም። የአልኮሉ ሽታ ግን ቤቴ እስክገባ ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ እሱን ተከትሎም ስምንት ዓመቴ ከነበረበት ዓመት ወዲህ ያልሸተተኝ ሌላ ሽታ መጣብኝ፦ የማር፣ የሰምና የፍየል ቀንድ ሽታ። በልጅነቴ ይህ ሽታ ቤታችን ከገባ አያ ታፈረ መጡ ማለት ነበር።

አያ ታፈረ የእናቴ አጎት ናቸው። ከሐሙሲት ወዲያ፣ ከዋንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ ካለው መንደራቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ እህሉ ተወቅቶ ሲያበቃ፣ ደብረ ታቦር ይመጡ ነበር። ሥራቸው ፈንጣጣ መክተብ ነው። በሽታው ቀለል ብሎ ከወጣበት ልጅ ገላ ላይ የደረቀውን ቅርፊት ይለቅማሉ፤ ይፈጩትና በማር ለውሰው በፍየል ቀንድ ያስቀምጡታል፤ የቀንዱን አፍ በሰም ይደፍኑታል። ከዚያ የጤነኛውን ልጅ ክንድ በምላጭ ጫር አድርገው ከማሩ በስንደዶ ጫፍ ነካ ያደርጉበታል። ልጁ በሰባት በስምንት ቀኑ ይተኩሳል፤ ፈንጣጣውም ይወጣበታል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ሲድን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፈንጣጣ አይነካውም። አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት አውቄ ነው።

የእሳቸው ፊት በፈንጣጣ የተበሳሳ ነበር፤ ግራ ዓይናቸውም ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በቀሪው ዓይናቸው ግን የማያዩት ነገር አልነበረም። ጉንዳን ሲሄድ ካዩ ቁጭ ብለው ይከተሉታል። ትልልቅ ሰዎች እኔን «አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽን ተዪ» ሲሉኝ እሳቸው ግን «ስንዱ፣ አንቺስ ለምን ይመስልሻል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ስምንት ዓመት ሆኖኝ ከሳቸው በቀር ይህን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

የምንኖረው ቀበሌ በወረሰው ግቢ ውስጥ ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ በር እንገባለን። አባቴ በወረታ በኩል የመንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ቤቱን የያዘችው እናቴ ናት፤ ጥጥ ትፈትላለች፣ ፈትሉን ገበያ ታወጣለች። ታናሽ ወንድሜ አዱኛ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰው «ስንት ልጅ አለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት እናቴ «አንዲት አለችኝ፤ ወንዱ ገና ነው» ትላለች። ፈንጣጣ ያልወጣለትን ልጅ መቁጠር እንደምትፈራ ማን ነግሮኝ? እኔ የመሰለኝ አዱኛን ከሰው ተውሰነው ነው። ስለዚህ ስይዘው እንደ ጎረቤት ዕቃ እየተጠነቀቅኩ ነበር፤ ባለቤቱ መጥቶ ቢያየው እንዳናፍር ፊቱን ቶሎ ቶሎ እጠርገዋለሁ።

በዚያች ዓመት አያ ታፈረ የመጡት ገና ባለፈ በሳምንቱ ነው። በእነሱ አገር ፈንጣጣ ገብቶ ነበር።

«አያ ታፈረ፣ ዘንድሮስ አዱኛን ይክተቡልኝ» አለች እናቴ፣ ገና እግራቸውን ሳያጥቡ።

አያ ታፈረ ጆሯቸውን የአዱኛ ደረት ላይ ለጥፈው ብዙ አዳመጡ። «ይኸ ልጅ ያስለዋል። የሚያስለውን አልነካም፤ ሳሉ ይልቀቀው» አሉ። እናቴ ለመነች፤ እሳቸው እንቢ አሉ።

ስለዚህ አስቀድመው የከተቡት የጎረቤታችንን የእትዬ ዘውዴን ልጅ፣ የአራት ዓመቱን ሞላን ነው። አያ ታፈረ አንድ የማያፈርሱት ደንብ ነበራቸው። ልጅ ከከተቡ በዚያ ቤት ይሰነብታሉ፤ የመጨረሻዋ ቅርፊት ከልጁ ገላ ሳትወድቅ ደጃፉን አይሻገሩም። ንግሥ ቢሆን፣ የዘመድ ቀብር ቢሆን አይወጡም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እኔ ነኝና ያሳመምኩት» አሉኝ። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእትዬ ዘውዴ ቤት ሽታ ጠፋ። ሽንኩርት አይቁላላም፤ ሽሮ አይወጣም፤ ገብስም አይቆላም። ሽታ የታመመን ልጅ ይጎዳል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። እኔ ግን ይህን አላውቅም፤ ሞላም ለግቢው ሰው ሁሉ «አያቱ ዘንድ ሄዷል» ተብሎ ነበር። ምግብ የማይሸትበት ቤት ምን እንደሚበላ ማወቅ አማረኝ። በጠዋትም በማታም በእትዬ ዘውዴ ግድግዳ አጠገብ እያለፍኩ አየሩን በአፍንጫዬ እስብ ነበር።

የጤና ሰዎቹ የመጡት በዚህ መካከል ነው። ነጭ መኪናቸውን ቀበሌው በር ላይ አቁመው ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ ጸጉሩን በጣም ያጎፈረ ወጣት ስለነበር ሠፈሩ ጎፈሬው ሐኪም አለው። እናቴ መምጣታቸውን ስትሰማ አዱኛን ዳቦ አስይዛ ባዶው ጎታ ውስጥ አስገባችው። ስለ መንግሥት መርፌ ብዙ ይወራ ነበር፤ ያመክናል የሚል አለ፤ ወንዶቹን ለጦር ሜዳ ምልክት ማድረጊያ ነው የሚልም አለ። የእናቴ ምክንያት ከነዚህ ይለይ ነበር። የመንግሥቱ መርፌ እንደማያተኩስ ሰምታለች፤ ያላተኮሰ ክትባት ደግሞ ለሷ ውኃ ነው።

እኔን ግን አልደበቀችኝም፤ ቀደም ሲል አያ ታፈረ ከትበውኝ የወጣልኝ ነኛ። ጎፈሬው ክንዴን ያዘና ጫፏ እንደ መንሽ ለሁለት በተከፈለች ትንሽ መርፌ ቶሎ ቶሎ ጠቀጠቀኝ። ከዚያ አንድ ካርቶን አወጣ። ካርቶኑ ላይ ፊቱም ገላውም በሙሉ ነጠብጣብ የሆነ ልጅ ፎቶ አለ።

«እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?» ብሎ የግቢውን ሰው ጠየቀ።

ሁሉም አላየንም አሉ። እሱም «ካያችሁ ቀበሌው አዳራሽ መጥታችሁ ንገሩን፤ አጥብቀን እየፈለግነው ነው» ብሎ ሄደ።

ልጁ እንደጠፋ ገባኝ። ምስኪን፣ ልብስ እንኳ አልለበሰም። እናቱ ማን እንደሆነች፣ ስንት ቀን እንዳለቀሰች አስብ ጀመር። ይህን ያህል ሰው በመኪና የሚፈልገው የትልቅ ሰው ልጅ ቢሆን ነው ብዬ ደመደምኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤቴ አልገባም፤ ልጁን ፍለጋ እሄዳለሁ። ገበያ ውስጥ በጨው ነጋዴዎቹ ጀርባ ፈለግኩት፤ ምንጩ ዘንድ ፈለግኩት፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ከተቀመጡት ነዳያን መካከልም አየሁ። አንዱን የቆሎ ተማሪ «ገላው ነጠብጣብ የሆነ ጠፍቶ አየህ?» ብለው «እሱማ ነብር ነው፤ ጉና ተራራ ወጥተሽ ፈልጊው» አለኝ። ተናድጄ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም።

ያገኘሁት እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የእትዬ ዘውዴን ቤት ሽታ ስፈልግ የግድግዳው ጭቃ በወደቀበት በኩል በአንድ ዓይኔ አጮለቅኩ። ጨለማውን ስለምደው መደቡ ላይ የተኛ ልጅ አየሁ። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ነጠብጣቡ እንደ ካርቶኑ ነው። ሞላ መሆኑን አላወቅኩትም፤ ያ ፊት የማንም ፊት አይመስልም ነበር። አያ ታፈረ አጠገቡ ተቀምጠው በጭራ ዝንብ ይከላከሉለታል። አያ ታፈረ አግኝተውት እየጠበቁት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሮጬ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩና ለጎፈሬው «የጠፋው ልጅ ተገኝቷል» አልኩት።

እየተከተለኝ መጣ፤ ሁለት ሰዎችም ከኋላው አሉ። በሩን ከፍቶ ገብቶ ልጁን ሲያይ ድምፁ ራሱ ተለወጠ።

«ማን ነው የከተበው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ታፈረ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ።

«አባት፣ ይኼ እኮ በሽታውን መዝራት ነው። ከዚህ ቤት ተነሥቶ ሠፈሩን ሊጨርሰው ይችላል። የከተቡበት ነገር የታለ?»

«አለቀ» አሉ። አላለቀም ነበር፤ ቀንዱ እናቴ ጥጥ በምታኖርበት ሙዳይ ውስጥ ነው። አያ ታፈረ ቀጠሉና «ልጄ፣ የናንተውስ ከምንድር ነው የሚሠራ?» ብለው ጠየቁት።

«ከጥጃ።»

«ጥጃም ፈንጣጣ ይወጣለታል?»

ጎፈሬው ለማስረዳት ጀመረና በመካከሉ ግራ ተጋባ። አያ ታፈረ ቁጣውን ረስተውት በአንድ ዓይናቸው ትኩር ብለው ያዳምጡታል። ግቢው ግን በጠቅላላ እያለቀሰ ነበር፤ ቀበሌው በሩን ዘግቶ ሁሉም እንዲከተብ አዟል። እናቴ እንደገና ጎታው ውስጥ የደበቀችው አዱኛ ግርግሩ ጨዋታ መስሎት መሳቅ ጀመረ። አወጡት። እናቴ ክንዱን ይዛ አለቅም ብትል የሰፈሩ ሴቶች ያዟት፤ ጎፈሬውም ከተበው።

ሰዎቹ ሲሄዱ እናቴ ወደኔ ዞረች። «ምን አግብቶሽ ነገርሽው?» አለችኝ።

«የጠፋ ልጅ መስሎኝ ነው» አልኩ። ስለ እናቱ ማሰቤን፣ ገበያ መፈለጌን ሁሉ እያለቀስኩ ተናገርኩ። አያ ታፈረ ከእትዬ ዘውዴ ደጃፍ ሆነው ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ያን ቀን ራቴን ሰጠችኝ እንጂ አላናገረችኝም።

ሞላ ሁለት ቀን ሙሉ በሞትና በሕይወት መካከል ቆይቶ ተመለሰ። አያ ታፈረ በእነዚያ ቀናት እህል አልቀመሱም። እኔ በየጠዋቱ አዱኛን አዝዬ ደጃፉ ድረስ እወስድላቸዋለሁ፤ እኔ ከውጭ እቆማለሁ፣ እሳቸው ከውስጥ ሆነው የአዱኛን ክንድ በመዝጊያው በኩል ያዩታል። መርፌው የነካው ቦታ መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ አበጠ፤ በሳምንቱ ውኃ ቋጠረና መካከሉ ጎደጎደ።

«ራሷ ናት» አሉ አያ ታፈረ። «መልኳም፣ ቀኗም እሷው ናት። ግን አንዲት ብቻ። ሌሎቹ የት ሄዱ? ስንዱ፣ ለምን ይመስልሻል?»

«ጥጃው ትንሽ ስለሆነ ይሆናል» አልኩ። አሰቡበትና «እንጃ፣ ሊሆንም ይችላል» አሉ።

በየካቲት መጀመሪያ ከሞላ ገላ የመጨረሻዋ ቅርፊት ወደቀች። ፊቱ እንደ እሳቸው ፊት ተበሳስቶ ቀረ፤ ዓይኖቹ ግን ዳኑ። አያ ታፈረ የተኛበትን ጨርቅ አቃጥለው፣ ገላቸውን ታጥበው ወደኛ ቤት ተሻገሩ። የአዱኛም ሳል ለቆት ነበር። እናቴ ሙዳዩን ከፍታ ቀንዱን ከጥጡ ውስጥ አወጣችና ፊታቸው አኖረችው።

«እንግዲህ ይክተቡልኝ።»

«ተከትቧል እኮ» አሉ።

«አንዲት እባጭ ክትባት ናት? አላተኮሰው፣ አላስተኛው። እዚያ እናንተ አገር ፈንጣጣው ሰው እየጨረሰ ነው። መጥቶ ልጄን የወሰደው እንደሁ ያ ጎፈሬ ያለቅስልኛል?»

«በተከተበ ልጅ ላይ ነክቼ አላውቅም። የነሱ ውኃ ከሆነ እንደ ሞላ ይታመማል፤ እንደ ሞላም ላይተርፍልሽ ይችላል። ይኸን አውቀሽ ነው?»

እናቴ አዱኛን አቀፈችው። «አውቄ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ሰለለ። አዱኛ የተዋስነው ሳይሆን የራሷ ልጅ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ለተውሶ ልጅ እንደዚያ አይፈራም።

አያ ታፈረ ሰሙን አነሡት፤ ቤቱ የማርና የቀንድ ሽታ ሸተተ። አዱኛን ከአንጓው ከፍ ብለው ጫሩት። ዛሬ ሆኜ ሳስበው እናቴ ብቻ አይደለችም የገፋፋቻቸው፤ እሳቸውም ማወቅ ፈልገዋል። እኔም ፈልጌአለሁ፤ ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወንድሜ ሊሞት እንደሚችል እየሰማሁ ልቤ ግን ምን እንደሚሆን ለማየት ይቸኩል ነበር።

ትኩሳቱን መጠበቅ ጀመርን። ቤታችን ሽታ ተከለከለ፤ በሶና ጥሬ ስንበላ ሰነበትን። ሠፈር እንዳይሰማ እኔ ከግቢ እንዳልወጣ ተደረግኩ፤ ባልከለከሉኝም አፌን ይዤ ነበር። በሰባተኛው ቀን እናቴ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ እጇን አዱኛ ግንባር ላይ አኖረች። ምንም። በስምንተኛው ቀን አያ ታፈረ የገዛ እጃቸውን አላምን ብለው «እስቲ አንቺ ንኪው» አሉኝ። ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፤ እሱም ጣቴን ነከሰኝ። በአሥረኛው ቀን ጫር የተደረገበት ቦታ እሾህ እንደጫረው ሆኖ ሊጠፋ ደረሰ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዱኛ የእናቴን ፈትል እንዝርቱን ይዞ ግቢውን ሙሉ እየዞረ ሲያወሳስበው እናቴ ልትቆጣው ተነሣችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ እየሳቀች ነበር። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

አያ ታፈረ ግን አልሄዱም። አሥራ አምስት ቀን ሆነ፤ ሃያ ሆነ። በየጠዋቱ አዱኛን ብርሃን ላይ አቁመው ገላውን ያገላብጡታል፤ ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሲሮጥ ያዩታል። የሚያስታምሙት በሽተኛ ስለሌለ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

«አያ ታፈረ፣ አገርዎ ሥራ ይጠብቅዎታል፤ እንግዲህ ልሸኝዎት» አለች እናቴ።

«ቅርፊቱ ሳይወድቅ?»

«የወጣበት የለ፣ ምን ሊወድቅ ነው?»

«እኔንም የቸገረኝ እሱ ነው» አሉ።

በማግስቱ ቀንዱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው «ስንዱ፣ ወደዚያ ልጅ ውሰጂኝ» አሉኝ። ከደጃፋችን ሲወጡ እግራቸው ትንሽ ዘገየ።

ጎፈሬው አዳራሹ ውስጥ መርፌዎቹን እየቀቀለ ነበር። አያ ታፈረ ቀንዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አለቀ ያልኩህ ዋሽቼህ ነው» አሉት። ቀጥለውም አዱኛን እንደከተቡት፣ ሃያ አንድ ቀን እንደጠበቁት ምንም ሳይደብቁ ነገሩት። ጎፈሬው ፊቱ ተለዋወጠ። ሊቆጣ አፉን ከፈተና «አልተኮሰም?» አለ።

«አልተኮሰም። እንቅልፉንም አልረበሸውም።»

ጎፈሬው ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ» አሉት። «እናንተ ከከተባችሁት ልጅ ጋር ስንት ቀን ትቀመጣላችሁ?»

ጥያቄው አልገባውም፤ እኔን አየኝ። «አንቀመጥም፣ አባት። ከትበን ወደሚቀጥለው መንደር እንሄዳለን።»

«ቢታመምስ?»

«አይታመምም። ይኼው አይተውታል።»

አያ ታፈረ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ከከተብኳቸው ዘጠኙን ቀብሬአለሁ» አሉ። ከዚያም የልጆቹን ስም ከነአባታቸው፣ ከነመንደራቸው ይጠሩ ጀመር። ጎፈሬው መዝገቡን ስቦ መጻፍ ጀመረ፤ ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠው። ዘጠኙንም ጠርተው ሲጨርሱ ቀና ብለው በአንድ ዓይናቸው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም፤ ስለ ጥጃው ሲጠይቁ በነበራቸው ድምፅ ነው የጠየቁት።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለስ ይኸን ያህል ዘመን የት ነበራችሁ?»

ጎፈሬው መዝገቡን ከደነ። አያ ታፈረም ቀንዱን እዚያው ትተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡና በዚያው ቀን ወደ ሐሙሲት በሚወርድ መኪና ተሳፍረው ሄዱ።